ምርጫውን ሸፍኑት፦ የልጅን የፈተና ውጤት ቤት ውስጥ እንዴት ማጣራት ይቻላል

ውጤት የተለቀቀ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ደሴ ሒሳብ ሳስተምር 11 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ 6 ዓመት አስተምሬአለሁ። ወላጆች ይደውሉና ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «ቲቸር፣ 46 አመጣ፤ ምን ይሻላል?» ይሉኛል።

አንዲት እናት ደግሞ ሸዋ በር ገበያ ላይ አገኘችኝ። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና «ልጄ ሰነፍ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ልጁን አስተምሬዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም። ግን «አብሽሪ፣ ሰነፍ አይደለም» ብቻ ብላት ማጽናኛ እንጂ መልስ አይሆናትም። እዚያው ቆመን የነገርኳትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪም ለ12ኛ ክፍል ማትሪክም ይሠራል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 60 ጥያቄ ያለበት ወረቀት እንውሰድ፣ እያንዳንዱ 4 ምርጫ ያለው። አንድ ልጅ 20ውን በደንብ ያውቃል፤ 40ውን ጨርሶ አያውቅም። የማያውቀውን ግን ባዶ አይተወውም፣ ዝም ብሎ ያጠቁራል። በግምት ከአራት አንዱን ይመታል፤ ስለዚህ ከ40ው 10 ያህል ያገኛል። 20 ሲደመር 10፣ 30። ከትምህርቱ ሲሶውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ 50 በመቶ አመጣ ማለት ነው። ዕድል ትንሽ ቀና ካለችለት 33 ያገኛል፤ ከጠመመችበት 27። ልጁ ያው ነው፣ የሚያውቀውም ያው ነው። አንድ ቀን 55 በመቶ ይሆናል፣ ሌላ ቀን 45። በአንደኛው ቀን ድግስ አለ፣ በሌላኛው ቀን ለቅሶ።

ስለዚህ 46 ያመጣን ልጅ 52 ካመጣው የጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ። በሁለቱ መካከል ያለው 6 ነጥብ የግምት ዕድል ሊሆን ይችላል። 46 እና 85 ግን ሌላ ነው፤ እዚያ እውነተኛ ልዩነት አለ። ይህንንም መካድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ችግር ቁጥሩ ዝምተኛ መሆኑ ነው። «ፊዚክስ 38» ይላል። ልጁ የከበደው እንቅስቃሴ ይሁን ኤሌክትሪክ፣ ቀመሩ ይሁን እንግሊዝኛው፣ አይናገርም። በአገር ደረጃም ያው ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያው ዓመት ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። ቁጥሩ አስደነገጠን፤ መደንገጥም ነበረብን። ግን ክፍል ውስጥ ገብቼ ነገ ምን ልቀይር ብዬ ብጠይቀው ያ ቁጥር አይመልስልኝም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተሞቻችን ውስጥ ነበር። ልጆቻችን ተሰደዱ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ስንመለስ እኔ የማስተምርበት ግቢ ላብራቶሪ ውስጥ የቀረው የተሰበረ ብርጭቆና የመደርደሪያ ብረት ነበር። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የኬሚስትሪ ሙከራ የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ ነው የተፈተኑት። የመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ስም አለ፣ ኮድ አለ፣ ፆታ አለ። «ዘንድሮ ምን ገጠመህ?» የሚል ቦታ የለውም።

ይህን ስል ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም። የሚያርመው ማሽን የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ከደሴ ዙሪያ በእግሯ የምትመላለስ ልጅ አባቱ ባለ መኪና ከሆነው ልጅ እኩል ትታረማለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈተና ባይኖር በዘመድና በደብዳቤ የሚገባው ይበዛ ነበር ብዬ አምናለሁ። የማይሆነው አንድ ወረቀት ስለ ልጃችን ሁሉን ነገር ይንገረን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

የሚያስፈልጋችሁ የቆየ የፈተና ወረቀት፣ ከካርቶን የተቆረጠ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ፣ አንድ ደብተርና እርሳስ ነው። የቆየ ወረቀት ትምህርት ቤት አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ አለው። 30 ጥያቄ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ማታ አትሞክሩ፤ ልጅም ይሰለቻል፣ እናንተም ትቆጣላችሁ።

ልጁ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲመልስ አጠገቡ አንድ ፊደል ይጻፍ። በደንብ አውቆ ከሆነ «አ»፣ ጠርጥሮ ከሆነ «ጠ»፣ ገምቶ ከሆነ «ገ»። ይህን የሚጽፈው መልሱን ከማየቱ በፊት ነው። ከታየ በኋላ ሁሉም «አውቄው ነበር» ነው የሚለው። «ገ» ብሎ በመጻፉ አንድም ቃል እንዳትናገሩት። አንድ ጊዜ ከተቆጣችሁ ከዚያ በኋላ «ገ» የሚባል ፊደል አታዩም።

የእህቴን ልጅ ባለፈው መጋቢት ይህን አሠራኋት። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከ30ው 11 ላይ «አ»፣ 7 ላይ «ጠ»፣ 12 ላይ «ገ» ጻፈች። አረምነው። ከ«አ»ዎቹ 8፣ ከ«ጠ»ዎቹ 4፣ ከ«ገ»ዎቹ 4 ትክክል ሆኑ። በድምሩ 16። በመቶኛ 53 ነው፤ አለፈች ማለት ነው። እናቷ እልል ልትል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው 3ቱ ላይ ነው፦ «አ» ተብለው ስህተት የሆኑት።

እነዚህ ወርቅ ናቸው። የማያውቅ ልጅ ይማራል። አውቃለሁ ብሎ የተሳሳተ ግን ያንኑ ስህተት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንዷ ጥያቄ ስለ መቶኛ ነበረች። ወረቀቱን አጥፌ በቃል ጠየቅኳት። «500 ብር የነበረ ነጠላ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ። ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው?»

«500 ነዋ አክስቴ። ያው ተመለሰ።»

«ሲጨምር ስንት ሆነ?»

«600።»

«የ600 20 በመቶ ስንት ነው?»

ዝም አለች። ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። «120...» አለች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «480! እንዴ፣ 20 ብር የት ሄደ?»

ይህን «የት ሄደ» ነው የምፈልገው። ፈተናው ቢሆን ኤክስ አድርጎባት ያልፍ ነበር፤ ኤክሱንም እሷ አታየውም። የፈተናው ወረቀት ተሰብስቦ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ቁጥር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካርቶኑ። በሌላ ቀን ያንኑ ወረቀት አምጡና ምርጫዎቹን ሸፍኑ። ልጁ ጥያቄውን ብቻ እያየ ደብተሩ ላይ ይሥራ። መልሱ ላይ ሲደርስ ካርቶኑ ይነሣና ከምርጫዎቹ አንዱ መሆኑን ይይ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ምርጫውን ስትሸፍኚው እኮ ጥያቄው ራሱ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለካ ጥያቄ ስትሠራ አልነበረም። አራቱን ምርጫዎች አንድ በአንድ እየከተተች የትኛው እንደሚገጥም ነበር የምትሞክረው። ይህ ዘዴ ነው፤ ለፈተና ቀን አይከፋም፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ሕይወት ምርጫ ይዛ አትመጣም። ባንክ ሄዳ ስለ ወለድ ስትጠይቅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚደረድርላት የለም።

ደብተሩ ላይ ሒደቱን እዩ። ሒሳብ ባታውቁም ግድ የለም። «እንዴት ደረስክበት?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ያወቀ ልጅ እየተኮላተፈም ቢሆን ይናገራል። ያላወቀ «እንዲህ ነው ቲቸር ያሉት» ይላል።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወላጆች የማያዩት ይህንን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውም እንደዚያው። ስለዚህ «ፊዚክስ 38» የሚለው ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ ፊዚክስ፣ ምን ያህሉ እንግሊዝኛ እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ተማሪዬ ከሰኞ ገበያ ጀርባ ነው የሚኖረው። እናቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ነው ሚዛኑን የሚይዘው፤ ሒሳቡን በቃሉ ሲያወጣ ካልኩሌተር ይቀድማል። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ተገትሮ ቀረ። «ድምራቸው 48 የሆነ 3 ኮንሴኪውቲቭ ኢቭን ነምበርስ» የምትል ናት። አጠገቡ ሄጄ «ተከታታይ የሆኑ ተጋማሽ ቁጥሮች» አልኩት። እርሳሱን እንኳ አላነሣም። «14፣ 16፣ 18» አለኝ። የጎደለው ሒሳብ አልነበረም፣ አንዲት ቃል ነበረች።

ይህን እንዲህ ፈትሹት። ልጁ ከተሳሳታቸው ጥያቄዎች 10 ምረጡ። እንግሊዝኛ የሚችል የሰፈር ልጅ ወይም ታላቅ እህቱ በአማርኛ ትንገረው። በአማርኛ ሲሰማ ስንቱን መለሰ? 6ቱን ከመለሰ ልጁ የሒሳብ አስጠኚ አያስፈልገውም፣ የቃላት ደብተር ነው የሚያስፈልገው። ገንዘባችሁን አትርፉ። በተለይ «ኤክሴፕት» (በስተቀር) እና «ኖት» (አይደለም) የሚሉትን ሁለት ቃላት በቀይ ያስምርባቸው። እነዚህ ጥያቄዎች ላይ 3ቱ ምርጫዎች እውነት ናቸው፤ የሚፈለገው የማይሆነው ነው። ልጁ ቃሏን ይዘላታል፣ መጀመሪያ ያገኘውን እውነት አጥቁሮ ይሄዳል። ከዚያ አላወቀም ይባላል።

አራተኛው ወረቀቱ ጨርሶ የማይነካው ነገር ነው። ልጁ ያወቀውን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይችላል? ለዚህ የምወደው ሙከራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ መንገድ ላይ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መንገዱ በመጠምዘዣ ይወርዳል፣ ጆሮ ድፍን ይላል። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትወርዱ ባዶ ሃይላንድ ያዙ። ደሴ መነሃሪያ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ዝጉት። ለልጁ ስጡት፤ አትንገሩት። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ጨርሶ ኮምቦልቻ ቦርከና ጋ ሲደርስ «እስኪ ላስቲኩን እየው» በሉት። ጎኑ ገባ ብሎ ያገኘዋል። ማንም አልጨመቀውም። ለምን?

ያቺን የእህቴን ልጅ ይዤ ስወርድ ሃይላንዱን እያገላበጠች ቆየች። «ተቀደደ እንዴ?» አለች። ክዳኑን አየች፣ ጥብቅ ነው። ከዚያ ጆሮዋን ያዘች። «አክስቴ፣ ጆሮዬ ከተደፈነው ጋር ይገናኛል?» ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ዞር ብለው ሳቁላት። ከፍታ ሲቀንስ የአየር ግፊት እንደሚጨምር በምርጫ ስትጠየቅ ሁልጊዜ ታገኘዋለች። ላስቲኩ ውስጥ ያለው የደሴ አየር መሆኑን፣ ውጭ ያለው የኮምቦልቻ አየር መሆኑን ግን ራሷ አገናኘችው። ስንመለስ የችፕስ እሽግ ገዝታ ያዘች፤ ደሴ ስንደርስ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። እሱን ማንም አልነገራትም። ራሷ ናት ያሰበችው።

ሐረጎን የማትወርዱ ከሆነ ሌላም አለ። ልጁ የተማረውን አንድ ነገር ለአያቱ በቡና ሰዓት ያስረዳ። አቦል ተጀምሮ ቶና ሳይቀዳ ከጨረሰና አያት «እሺ፣ ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ከመለሰ፣ ያ ልጅ ያውቃል። ግማሽ ገጽ ጽሑፍም አስጽፉት። ማጥቆር ብቻ የለመደ ልጅ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ታዝናላችሁ። 12ኛ ክፍል ደርሶ ማመልከቻ መጻፍ ያቃተው ጎበዝ አይቻለሁ።

ትምህርት ቤት ላይም የምትጠይቁት አለ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ሁላችንም «ዓምና ስንት አሳለፋችሁ?» ነው የምንለው። ይህ ጥያቄ ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ዶናልድ ካምፕቤል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የጻፈው አለ፤ አንድ ቁጥር ትልቅ ውሳኔ የሚወሰንበት በሆነ መጠን ራሱም ይበላሻል፣ የሚለካውንም ነገር ያበላሻል ይላል። አትላንታ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሆነው ይህ ነው። የመምህሩና የርዕሰ መምህሩ እንጀራ በተማሪ ውጤት ላይ ተንጠለጠለ። በ2011፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ የግዛቱ መርማሪዎች በ44 ትምህርት ቤቶች ማጭበርበር አገኙ፤ 178 መምህራንና ኃላፊዎች ስማቸው ተነሣ። ላጲስ ይዘው የልጆቹን መልስ ያረሙ ነበሩ። እኛ ጋም ኩረጃ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እስከማስፈተን ያደረሰን ያው ሩጫ ነው።

ላጲስ ሳይነሣም ይበላሻል። አንድ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ከጥር በኋላ የ12ኛ ክፍልን ስፖርትና የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሰርዞ ወርክሺት አደረገው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የቆየ ፈተና ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ከረምኩ። ለምን እንደሚሆን የጠየቀኝን ልጅ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ያንን ልጅ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ሞዴል ፈተናው ሲታረም ልጄ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደወደቀ ልታሳዩኝ ትችላላችሁ? ሞዴሉ በትምህርት ቤቱ ስለሚታረም ወረቀቱ እዚያው አለ፤ ማሳየት ይቻላል። ስፖርትና ሙከራ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል ወይ? በዚህ ወር ልጄ ከምርጫ ውጭ ምን ጻፈ? አንድ ወላጅ ሲጠይቅ ይረሳል። አምስት ሆናችሁ ከጠየቃችሁ መምህሩም ለአለቃው የሚናገረው ያገኛል። ብዙዎቻችን መምህራን ይህን ጥያቄ እየጠበቅን ነው።

ለፈተናው ሳምንት ረጅም ነገር የለኝም። ይተኛ። የደሴ ጉምና ብርድ ጠዋት ላይ ጣት ያደነዝዛል፣ ወፍራም ሹራብ ይልበስ። ማጥቆሩን አስቀድሞ ይለማመድ፤ አንድ ረድፍ ዘሎ እስከ መጨረሻ ያጠቆረ ልጅ አውቃለሁ። «እንዳታሳፍረኝ» የሚል ቃል ከቤታችሁ ይጥፋ።

ውጤቱ ሲመጣም ያቺ ቀን የልጁ እንጂ የሰፈሩ አትሁን። 12ኛ ክፍል 50 ላልሞላለት ከ2015 ወዲህ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መንገድ ተከፍቷል፤ መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን ማስታወቂያውን ተከታተሉ። ቴክኒክና ሙያም የወደቀ መጣያ አይደለም። የሚገባበት ልጅ ወዶ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ያቺ የሸዋ በር እናት በሁለተኛው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጣች። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። እንግሊዝኛ አታነብም። ልጇ ሁለቱን ቃላት በወረቀት ጽፎ ሰጥቷት፣ ቅርጻቸውን እያመሳሰለች፣ የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች በጣቷ እየተከተለች ቆጥራለች።

«19 ተሳስቷል ቲቸር» አለችኝ። «7ቱ ላይ እነዚህ ቃላት አሉ።»

ቅዳሜ ከእነዚያ ከ7ቱ እንጀምራለን ተባብለን ተለያየን።